ወሩን ሳያውቁ ምላጭ አያንሱ፦ ጥቃቅን የወታደር ምስሎችን ከታሪኩ ጋር ማስማማት

የኪቱ (ተገጣጣሚው የፕላስቲክ ወታደር የሚሸጥበት) ሳጥን ላይ «የሶቪየት እግረኛ 1941–1945» ተብሎ ከተጻፈ ስሕተቱ የሚጀምረው ከሳጥኑ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በእነዚያ አራት ዓመታት የተራው ወታደር ኮሌታ ተለውጧል፣ የማዕረግ ምልክቱ ከአንገት ወደ ትከሻ ተዛውሯል፣ አዳዲስ መሣሪያዎች ገብተዋል። ከአራቱም ዓመት የተለቃቀመውን በአንድ ሰው ላይ የሰበሰበ ምስል በየትኛውም ቀን፣ በየትኛውም ምሽግ ውስጥ የነበረ ሰው አይደለም። ስለዚህ ምላጭና ፑቲ (እንደ ሊጥ ተቀርጾ የሚጠነክር መሙያ) ከመነሳታቸው በፊት ይህ ሰው የየትኛው ጦር፣ የየትኛው ክፍል፣ የየትኛው ወር ሰው እንደሆነ መወሰን አለበት። «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት» መልስ አይሆንም። «ስታሊንግራድ፣ ኦክቶበር 1942፣ ጠመንጃ ያዥ እግረኛ» ግን መልስ ነው።

ቀኑ ከተወሰነ የቀረውን አንድ ሕግ ይዳኘዋል። አሮጌ ዕቃ ከተተካ በኋላም ዓመታት ይቆያል፤ አዲስ ዕቃ ግን ከወጣበት ቀን ቀድሞ አይገኝም። መጋዘን ውስጥ ያለ ልብስ እስኪያልቅ ይታደላል፣ ወታደሩም የለበሰው እላዩ ላይ እስኪበጣጠስ ይለብሰዋል። በ1944 ጥቁር አረንጓዴ ኮሌታ ያለውን የ1936 ሞዴል ጃኬት የለበሰ ጀርመናዊ ሊኖር ይችላል። በ1942 ግን ግንባሩ ላይ ረጅም ጥላ ያለውን የ1943 ሞዴል የጨርቅ ቆብ ያደረገ አይኖርም። ኪት ሲመረመር አጥብቆ መፈለግ ያለበት ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ስሕተት ነው፤ መጀመሪያውን ለመከላከል ሁልጊዜ ምክንያት ይገኛል፣ ለሁለተኛው ግን አይገኝም።

አንድ ምስል ከራስ እስከ እግር፦ ስታሊንግራድ፣ ኦክቶበር 1942

በ1/35 ልኬት (ከእውነተኛው 35 ጊዜ አንሰው) የሚሸጡ አብዛኞቹ የሶቪየት እግረኞች ፖጎን የሚባለውን የትከሻ ሰሌዳ ይዘው ይመጣሉ። ፖጎን ወደ ጦሩ የተመለሰው በጃንዋሪ 1943 ነው። የስታሊንግራድ ውጊያ ደግሞ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 አብቅቷል። ስለዚህ በኦክቶበሩ ፍርስራሽ ውስጥ የሚዋጋ ወታደር ትከሻ ባዶ ነው፤ ማዕረጉ ኮሌታው ላይ ነው። ከዚያው ለውጥ ጋር ጂምናስትዮርካ የሚባለው የላይ ሸሚዝም ተቀይሯል፦ የ1943ቱ ቀጥ ብሎ የሚቆም ባለ ሁለት ቁልፍ ኮሌታ ሲኖረው፣ ለተራው ወታደር የተሠራው የደረት ኪስ አልነበረውም። የቀድሞው ኮሌታው የሚታጠፍ፣ ደረቱ ላይ ክዳን ያላቸው ሁለት ኪሶች የተለጠፉበት ነው። በመጀመሪያዎቹ የ1943 ወራት አሮጌው ሸሚዝ ላይ ፖጎን ሰፍቶ የለበሰ ወታደር የተለመደ ነበር። ቀጥ ያለ ኮሌታ ለብሶ በ1942 የቆመ ግን አልነበረም።

ሥራው ከትከሻ ይጀምራል። ፖጎኑን ጠፍጣፋ ምላጭ ይዞ በአንድ ጊዜ መቁረጥ ትከሻውን ጠርዝ ያለው ሣጥን ያደርገዋል። ጫፉ የተጠማዘዘ ምላጭ ይዞ ከአንገት ወደ ክንድ እየፋቁ መሄድ፣ ከዚያ በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እርጥብ አድርጎ ማለስለስ ይሻላል። ፖጎኑ ሲነሳ እጅጌው ከትከሻ ጋር የሚገናኝበት ስፌት አብሮ ይጠፋል። ይህን መስመር በመርፌ ጫፍ መልሶ መጫር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፣ ሳይጫር የቀረ ትከሻም ከሩቅ የተፋቀ መሆኑ ይታወቃል።

ኮሌታውን ለመሥራት ኢፖክሲ ፑቲ ያስፈልጋል። ሁለቱን ክፍሎች እኩል አደባልቆ ወደ ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ገና እንደተደባለቀ ጣትና መሣሪያ ላይ ይጣበቃል፣ ስስ አድርገው ሲዳምጡትም ይቀደዳል። ጠንከር ሲል ታልክ ዱቄት በተነሰነሰበት ለስላሳ ነገር ላይ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ይዳምጡት። የሰው አንገት ዙሪያ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ1/35 ወደ 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮሌታ ስፋት ደግሞ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መጠን ቆርጦ አንገቱ ላይ ማስቀመጥ፣ በውሃ በረጠበ መሣሪያ የላይኛውን ጫፍ ማጠፍ፣ የፊቱን ሁለት ጫፎች ሹል አድርጎ መተው። በመጀመሪያ ግን የኪቱ ቀጥ ያለ ኮሌታ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት። በላዩ ላይ የተለጠፈ አዲስ ኮሌታ ወታደሩን አንገት የሌለው ያስመስለዋል።

ኪሶቹ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖራቸዋል። ስስ ወረቀት በሱፐር ግሉ አጥግቦ መቁረጥ ለኪስ ከፑቲ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጠርዙ ጥርት ይላል። ክዳኑ ለብቻው ተቆርጦ በላዩ ይለጠፋል። ለቁልፍ የነጭ ሙጫ ጠብታ በመርፌ ጫፍ ማሳረፍ ይበቃል፤ ሲደርቅ ጎበጥ ያለ ክብ ይሆናል። የኮሌታው ምልክት ከ1 በ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዘንበል ያለ አራት ማዕዘን ነው። ከኦገስት 1941 ጀምሮ ግንባር ላይ ያሉ ወታደሮች ደማቁን ቀለም ትተው ካኪ ምልክት እንዲያደርጉ ስለታዘዘ ቀይ ኮሌታ ቀብቶ ማድመቅ ቢያጓጓም ከልብሱ ብዙም የማይለይ ካኪ ነው የሚገባው።

እግሩ ላይ ኪቶች ረጅም ቦት ጫማ ይወዳሉ። ተራው እግረኛ ግን ብዙ ጊዜ አጭር ጫማ ከገምባሌ (ቅልጥም ላይ ከሚጠመጠም ጨርቅ) ጋር ነበር የሚያደርገው። የቦቱን ቁመት ዙሪያውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ፋቁ፣ ስስ ፑቲ አልብሱ፣ ጥምጥሙን በምላጭ ጀርባ ከታች ወደ ላይ ጫሩ። የጨርቁ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ግማሹ ስለሚደራረብ የሚታየው እያንዳንዱ ዙር 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ዙሩ አግድም ቀጥ ካለ የቀለበት ክምር ይመስላል፤ ዘንበል ማለት አለበት፣ የላይኛው ዙርም የታችኛውን ይሸፍናል። ከጉልበት በታች ሱሪው ገምባሌው ላይ ትንሽ ይንጠለጠላል። ያ እብጠት ከሌለ ጨርቁ የታሰረ አይመስልም።

የራስ ቁሩ የ1940 ሞዴል ከሆነ ከጠርዙ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ስድስት ሪቬቶች (ክብ ራስ ያላቸው የብረት ማያያዣዎች) ይኖሩታል። የኪቱ ቁር ጠርዝ 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው በእውነተኛው ዓለም 14 ሚሊ ሜትር ብረት ማለት ነው። ከውስጥ በኩል ጠርዙን ብቻ በመፋቅ ማሳሳት ይበቃል፤ ጥልቁ አይታይም።

መሣሪያውን በተመለከተ የ1944ቱ ተጣጣፊ ሳንጃ ያለው ካርቢን ለዚህ ቀን አይሆንም፣ ፒፒኤስ-43 የተባለው ንዑስ መትረየስም እንዲሁ። የሞሲን 1891/30 ጠመንጃ ወይም ባለ 71 ጥይት ክብ ካዝና ፒፒኤስኤች-41 ንዑስ መትረየስ ይሆናል። የሞሲኑ ሳንጃ ሰገባ ስላልነበረው ብዙ ጊዜ አፈሙዙ ላይ እንደተሰካ ይኖር ነበር፤ ቀበቶ ላይ የተንጠለጠለ የሞሲን ሳንጃ የሠሩ ኪቶች አሉ፣ ያንን ቆርጦ መጣል ነው። ሳንጃው የሚሰካው በአፈሙዙ ቀኝ በኩል እንጂ ከሥሩ አይደለም። የጠመንጃው ማንገቻ በብረት ቀለበት አይያዝም፣ እንጨቱ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ በሚያልፍ ትንሽ የቆዳ ማሰሪያ ነው የሚያዘው፤ የቃታው መጫኛ እጀታም ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወደ ታች የታጠፈው የቴሌስኮፕ ማነጣጠሪያ ያለው የአነጣጣሪዎች ጠመንጃ ነው።

በማስመሪያ የሚያዝ ስሕተት

ፎቶ ሳያገላብጡ፣ በማስመሪያ ብቻ የሚገኘው ስሕተት ብዙ ነው። የእውነተኛውን ዕቃ ርዝመት በሚሊ ሜትር ወስዶ ለልኬቱ ማካፈል ነው። የሞሲን 1891/30 ርዝመት 1232 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ1/35 35.2 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ሳንጃው ሲሰካ 47.4 ይደርሳል። የጀርመኑ ካር98ኬ ጠመንጃ 1110 ሲሆን 31.7 ይመጣል። የጀርመኑ ንዑስ መትረየስ ኤምፒ40 ሰደፉ ተዘርግቶ 23.8፣ ታጥፎ 18 ሚሊ ሜትር ነው። የሶቪየቱ ትንሽ አካፋ ጠቅላላ ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 14.3 ይሆናል፤ ከዚህ በላይ የረዘመ አካፋ ቀበቶ ላይ ሲንጠለጠል ወታደሩ መቀመጥ አይችልም። ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ መተካት እንጂ ጫፉን መቀጠል አያዋጣም፣ ምክንያቱም አጭር የተሠራ ጠመንጃ ሰደፉና ቃታውም አብረው ተጨምቀዋል።

ውፍረት ደግሞ ከርዝመት የባሰ ነው። 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ማንገቻ በ1/35 17.5 ሚሊ ሜትር የወፈረ ቆዳ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቆዳ አይታጠፍም። 0.1 ሚሊ ሜትር ፎይል 3.5 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ለቆዳ ልክ ነው፤ ለሸራ ማንገቻ በሙጫ የረጠበ ስስ ወረቀት ይሻላል። ለምግብ መጠቅለያ የሚሆነው አሉሚኒየም ለብቻው በጣም ስስ ስለሆነ አንዴ ታጥፎ መለጠፍ አለበት። የጀርመን ወታደር ቀበቶ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ይህ 1.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኪቶች ወደ 2 ያሰፉታል። ሳንጃን በ0.3 ሚሊ ሜትር የብረት ሽቦ መተካት፣ የጠመንጃ አፈሙዝን በ0.3 መሰርሰሪያ መብሳት ሁለቱም አጭር ሥራዎች ናቸው። መሰርሰሪያው መሐል እንዲይዝ አስቀድሞ በመርፌ ምልክት ማድረግ ግድ ነው፤ ካልሆነ ይንሸራተትና የአፈሙዙን ግድግዳ ይሰነጥቃል።

ማንገቻው የሚሸከመው ክብደት አለው። ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ጠመንጃ ማንገቻው ቀጥ ብሎ ይወጠራል፣ ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ ይጫናል። እጅ ላይ የተያዘ ጠመንጃ ማንገቻ ደግሞ ቀስት ሠርቶ ይወርዳል። ኮዳ፣ ዝናርና የዳቦ ቦርሳ በተናጠል ተሠርተው ሲለጠፉ ከልብሱ ጋር ክፍተት ይፈጥራሉ፤ ከኋላቸው ትንሽ ፑቲ አድርጎ ገና ሳይደርቅ መጫን ክፍተቱን ይዘጋል፣ ጨርቁም የተጫነ ይመስላል። ዝናር የያዘ ቀበቶ ከፊት ዝቅ ይላል። ቀበቶው ዙሪያውን ደረጃውን ጠብቆ ከሄደ ዝናሩ ባዶ ነው ማለት ነው።

ጀርመኖቹ፣ በአጭሩ

ስለነሱ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ የሚደጋገሙትን ስሕተቶች ብቻ ላንሳ። የ1935 የብረት ቆብ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ የአየር ቀዳዳው ደግሞ ለብቻው የተሰካ ቀለበት ያለው ነው። በ1940ው ቀዳዳው ከብረቱ ጋር አብሮ ተጨምቆ ወጣ። በ1942ቱ ጠርዙ ሳይታጠፍ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ቀረ፣ ስለዚህ ይህ ቆብ በ1940ው የፈረንሳይ ዘመቻ ላይ መታየት የለበትም። ቆቡ ላይ ያለው ባለ ሦስት ቀለም ጋሻ ምልክት በ1940 እንዲነሳ ታዘዘ፣ ንስሩ ደግሞ በ1943። ሁለቱንም ምልክቶች በ1944 ቆብ ላይ የሚለጥፍ መመሪያ ካጋጠመ አለመቀበል ነው። ጃኬቱ ላይ የኪሶቹን መሐል እጥፋት ማየት ይበቃል፦ እጥፋቱ በ1942 ሞዴል ቀረ፣ በ1943 የኪስ ክዳኑ ጫፍ ቀጥ አለ። በፑቲ ሳይሆን በምላጭ ብቻ የሚስተካከል ነገር ነው፣ እጥፋቱን ፍቆ ማንሳት ነው።

በቡድን ደረጃ ያለው ስሕተት ግን በምላጭ አይፈታም። በአንድ ሳጥን ውስጥ አራት ሰዎች ካሉ ሁለቱ ኤምፒ40 ይይዛሉ። በአሥር ሰዎች ቡድን ውስጥ ኤምፒ40 የሚይዘው በመደበኛነት መሪው ነበር፣ አንድ ቀላል መትረየስ ነበራቸው፣ የቀሩት አብዛኞቹ ጠመንጃ ነው የሚይዙት። ኤምፒውን ሲያነሱ የካዝና ቦርሳዎቹንም ማንሳት፣ በቦታቸው በየጎኑ ባለ ሦስት ኪስ የጠመንጃ ጥይት ዝናር ማድረግ ያስፈልጋል። እጅ ላይ ያለውን መሣሪያ ቀይሮ ወገብ ላይ ያለውን መርሳት በኤግዚቢሽን ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ የሚታይ ነገር ነው።

የሚታመን ፎቶና የማይታመን ፎቶ

የፎቶ መግለጫ ጽሑፍ ይሳሳታል፤ ልብሱ ግን ቀኑን ይናገራል። «ስታሊንግራድ 1942» የሚል ፎቶ ውስጥ ፖጎን ከታየ የተሳሳተው መግለጫው ነው። የተገለበጠ ፎቶ የሚታወቀው በጠመንጃው ቃታ መጫኛ ነው፤ እጀታው በግራ ከሆነ ፎቶው ተገልብጧል። የወንድ ልብስ ሲቆለፍ ግራው በቀኙ ላይ ስለሚደረብ እሱም ሌላ ማረጋገጫ ነው። አጥቂዎች ወደ ካሜራው ሲሮጡ ከፊት የተነሳ ፎቶ ብዙ ጊዜ ልምምድ ወይም ለፕሮፓጋንዳ የተቀናበረ ነው፤ ስለ ልብሱ ሞዴል ጥሩ ምስክር ሊሆን ይችላል፣ ወታደሩ በውጊያ ላይ ምን ያህል ዕቃ እንደሚሸከም ግን አያሳይም።

የዛሬ ሰዎች የጥንት ልብስ ለብሰው የተነሱት ፎቶ ማስረጃ አይሆንም፣ ምንም ያህል ጥርት ያለ ቢሆን። ጨርቁ አዲስ ስፌት ነው፣ ሰውየውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ዘመን ወታደር ይወፍራል። የሙዚየም ዕቃ ደግሞ ለስፌትና ለመጠን ምርጥ ነው፣ ለቀለም ግን አይታመንም፤ ብርሃን የነካው ሱፍ ይደበዝዛል። በጥቁርና ነጭ ፎቶም ግራጫን ወደ ቀለም መመለስ አደገኛ ነው፦ በቀድሞው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ጨልሞ፣ ሰማያዊ ነጥቶ ይወጣል።

ወደ ናፖሊዮን ዘመን ሲሄዱ

እዚህ ልኬቱ ብዙ ጊዜ 1/72 ነው፣ ፕላስቲኩም ለስላሳ። ሕጉ ግን አይለወጥም። የኦስተርሊትዝ ውጊያ የተካሄደው ዲሴምበር 2 ቀን 1805 ነው፤ የፈረንሳይ መደበኛ እግረኛ ሻኮ የሚባለውን ረጅም ቆብ የያዘው በ1806 በወጣ ትእዛዝ ነው። ለኦስተርሊትዝ ሻኮ ያደረገ የመደበኛ እግረኛ ኪት ስለዚህ አይሆንም፣ ባለ ሁለት ጫፍ ባርኔጣ ያስፈልገዋል። ቀላል እግረኛው ግን ቀድሞም ሻኮ ነበረው፣ ኪቱን ለሱ ማዋል ይቻላል። ደረቱ እስከ ወገብ የተዘጋውና ጭራው አጭር የሆነው ኮት የ1812 ደንብ ነው፤ ለ1815ቱ የዋተርሉ ውጊያ ልክ ነው፣ ለ1809 ግን አይደለም።

ፊዚሊየር የሚባለው ተራ ወታደር ደረቱ ላይ ሁለት የተጠላለፉ ነጭ ማንገቻዎች ካሉት ይመርመር። አጭር ጎራዴ ከፊዚሊየሩ ከተነሳ በኋላ ሳንጃው ወደ ጥይት ቦርሳው ማንገቻ ስለተዛወረ ደረቱ ላይ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ሁለቱ ማንገቻ የግሬናዲየሩ ነው። ከ1808 ጀምሮ አንድ ሻለቃ አራት የፊዚሊየር፣ አንድ የግሬናዲየርና አንድ የቮልቲዠር ሻምበል ስለነበረው ሁሉም የግሬናዲየሩን ቀይ የትከሻ ጌጥ ያደረገበት ሻለቃ መደርደር ስሕተት ነው። የፊዚሊየሮቹ የሻኮ ኳስ በሻምበል ይለያል፦ ጥቁር አረንጓዴ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማና ወይን ጠጅ፣ ከአንደኛው እስከ አራተኛው። ንስር ያለው ሰንደቅም ከ1808 ወዲህ ለሬጅመንቱ አንድ ብቻ ነው፣ የሚይዘውም አንደኛው ሻለቃ ነው። የ1777 ሞዴል ጠመንጃ በ1/72 21 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ከሳንጃው ውጭ።

ለስላሳውን ፕላስቲክ በብርጭቆ ወረቀት መንካት አይገባም፤ ፀጉር ያወጣል። አዲስ ምላጭ ይዞ በአንድ አቅጣጫ መላጨት ብቻ ነው መፍትሔው፣ ምላጩም ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት። ሙጫ ብቻውን አይይዘውም። ጭንቅላት ሲለወጥ ሁለቱንም ወገን በ0.4 መሰርሰሪያ በስቶ የነሐስ ሽቦ ማስገባት፣ ከዚያ ሱፐር ግሉ ማድረግ። የተጣመመ ጠመንጃ በሙቅ ውሃ ውስጥ ተይዞ ቀጥ ይደረግና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ሳይቀዘቅዝ ከተለቀቀ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ቀለም ከመቀባት በፊት

ምስሉን በሳሙና ማጠብ፣ በተለይ ለስላሳውን፤ ከፎርማው የቀረው ቅባት ቀለሙን ያላቅቃል። ለሬዚን (ከፈሳሽ ፈስሶ ለሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) ደግሞ ብናኙ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ሲፋቅ እርጥብ መሆን አለበት፣ ጭንብልም ያስፈልጋል። ከዚያ ግራጫ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚነፋ መነሻ ቅብ) በስሱ መንፋት። ፑቲ፣ ፎይል፣ ወረቀትና ፕላስቲክ አንድ ቀለም ሲሆኑ ያልተስተካከለው መጋጠሚያ፣ ያልተፋቀው የፎርማ መስመርና የጎደለው ስፌት ይታያል። በዚህ ደረጃ ምስሉን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ማንሳትና ከዘመኑ ፎቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል፦ የቀበቶው ከፍታ፣ የቆቡ አቀማመጥ፣ የዝናሩ መጠን፣ ጭንቅላቱ ከአካሉ ጋር ያለው ምጥጥን ይነጻጸራሉ። የ170 ሴንቲ ሜትር ሰው በ1/35 48.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጭንቅላቱ ከአገጭ እስከ አናት 6.5 አካባቢ መሆን አለበት። ከ7.5 ካለፈ የሬዚን ጭንቅላት መተካት ይሻላል። የሚስተካከለው ቦታ በእርሳስ ይከበባል፣ ተስተካክሎም እንደገና ፕራይመር ይነፋበታል። ቀለም የሚጀመረው አንድም የእርሳስ ክበብ በማይቀርበት ጊዜ ነው።